ፊን የሌለው የእንጨት ሰርፍ ቦርድ ለጀማሪ ይሆናል?

ናሆም (ሳንዲያጎ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰርፍ (በቦርድ ሞገድ መጋለብ) ገና ጀማሪ ነኝ፤ ክብደቴ 92 ኪሎ ነው። የምለማመደው ጓደኛዬ በሚያውሰኝ ቦርድ ነው። ጠባብ፣ ቀጭን፣ አፍንጫው ሹል፣ ከሥሩ ሦስት ፊን (እንደ ዓሣ ክንፍ ያለ፣ ቦርዱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ) ያለው። ሰመር ላይ እዚህ ሞገዱ ከወገብ ብዙም አያልፍም፤ ቦርዱም እኔን ይዞ መነሳት እምቢ ይላል። ሰሞኑን በእጅ የተሠሩ ቦርዶች የሚሸጡበት ቤት ገባሁ። አንዱ ጅራቱ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሌላው ጭራሽ ፊን የለውም፣ ስስ ጣውላ ነው። ዋጋቸውን አይቼ ወጣሁ። እነዚህ ቅርጾች እውነት ሐሳብ አላቸው ወይስ ለዓይን ነው? አዲስ አበባ እያለሁ እንጨት ቤት ሠርቻለሁና ራሴ ልሥራ ብልስ ከየትኛው ልጀምር?

ሞገድ ጠባቂ፦
ናሆሜ፣ መልሱ ያለው እዚያው አንተ ከተማ ነው። ጅራቱ የተሰነጠቀው «ፊሽ» ይባላል። ስቲቭ ሊስ የሚባል የሳንዲያጎ ልጅ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ተንበርክኮ ለመጋለብ ነበር። አጭር ነው፣ ግን ሰፊ። ከአፍንጫ እስከ ጅራት ያለው ኩርባም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሞገዱ ደካማ ቢሆንም ቶሎ ውኃው ላይ ወጥቶ ይንሸራተታል። ስንጥቁም ለጌጥ አይደለም። ሰፊ ጅራት ፍጥነት ይሰጣል፣ ለመታጠፍ ግን ያስቸግራል። ሲሰነጠቅ፣ ወደ አንድ ጎን ስታዘነብል የሚሠራልህ ያ በኩል ያለው ጠባብ ግማሽ ነው።

ከሱ በፊት ደግሞ ቦብ ሲመንስ ነበር። ካልቴክ (የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም) የተማረ ሰው ነው። ስለ ፈጣን ጀልባዎች ወለል የተጠናውን ወደ ሰርፍ ቦርድ አመጣው። በ1954 እዚያው ሳንዲያጎ፣ ላሆያ ሰፈር፣ ዊንዳንሲ የሚባል ባሕር ዳርቻ ላይ ሰርፍ ሲያደርግ ሞተ። የነዚህ ሰዎች ሐሳብ ባጭሩ፣ ቦርድ እንደ ልብስ በልክ ይሰፋ ነው። ለሰውዬውም፣ ለሚጋልብበት ሞገድም።

ትዕግስት (ኔታንያ)፦
የእኛም ባሕር ሰመር ላይ ደካማ ነው፤ ስለ ፊሹ እስማማለሁ። ያ ስስ ጣውላ ግን «አላያ» ነው፣ የጥንት ሃዋይ ቦርድ። የድሮዎቹ ሆኖሉሉ ቢሾፕ ሙዚየም ውስጥ አሉ። በ2000ዎቹ ቶም ዌግነር አውስትራሊያ፣ ኑሳ ውስጥ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ዘመኑ ቦርድ ውስጡ ፎም (ቀላል፣ አየር የያዘ ፕላስቲክ)፣ ላዩም ፋይበርግላስ የለውም። ፊን እኮ ራሱ ቶም ብሌክ በ1935 የገጠመው ነው፤ ሃዋይ ውስጥ ከዚያ በፊት ለዘመናት ያለሱ ተጋልቧል። ሞገዱን የሚይዘው የቦርዱ ጠርዝ ነው። ከሥር የሚጎትት ነገር ስለሌለ ፍጥነቱ ልብ ያጠፋል።

ችግሩ አያንሳፍፍም። 92 ኪሎ ይዘህ ስትቀዝፍ ግማሽ አካልህ ውኃ ውስጥ ነው። ከዚህ አትጀምር።

ያሬድ፦
ሦስት ፊኑን እንደ ጠላት አትዩት። አውስትራሊያዊው ሰርፈር ሳይመን አንደርሰን በ1980 ሲቀርጸው እሱም አማራጭ ነበር። በ1981 አውስትራሊያ፣ ቤልስ ቢች ውድድር ላይ አሸነፈበትና ሁሉም ገለበጠው። የተበላሸው ያኔ ነው፤ ለሻምፒዮን የተሠራው ለሁላችንም ተሸጠ። እንጨቱም ቢሆን በፍቅር ብቻ አልመጣም። አብዛኛውን የአሜሪካ ፎም ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም በዲሴምበር 2005 በድንገት ሲዘጋ፣ ሠሪዎች ሌላ ቁስ ለማየት ተገደዱ። ሐሳብ የምትሉት ነገር ግማሹ ከችግር የተወለደ ነው።

ጋሽ አበራ (ሜሪላንድ)፦
ልጄ፣ እኔ ቦርድ ላይ ቆሜ አላውቅም፣ ለመቆምም ሐሳብ የለኝ። እንጨቱን ግን አውቀዋለሁ። ፓውሎኒያ ካገኘህ እሱን ያዝ። ቀላል ነው፣ ጨው ውኃም ቶሎ አይጠጣም። ሰፊ ጣውላ ካጣህ ጠባቦቹን ውኃ በማይፈታው ኮላ አጣብቃቸው። ስትልግ የእንጨቱን ጅማት ተከተል፣ አለዚያ ይቦጨቃል። በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስክ በኋላ የተልባ ዘይት ቀባው፤ ሲደርቅ ድገመው።

አደራ፣ የቀባህበትን ጨርቅ ጨምድደህ አትጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጨርቁ ራሱ ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ናሆም፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የጨርቁን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ትዕግስት፣ ከአላያ አትጀምር ካልሽኝ ታዲያ ከምን?

ትዕግስት (ኔታንያ)፦
ፓይፖ ሥራ። እሱም የሃዋይ ነው፣ በሆድ ተኝተው የሚጋልቡት አጭር ጣውላ። ርዝመቱን 120፣ ስፋቱን 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አድርገው። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበቃል። እግርህ ላይ የዋና ፊን (እንደ ዳክዬ እግር ሰፊ የሆነ የጎማ ጫማ) ካጠለቅክ መቅዘፉ ችግር አይሆንም። ከወገብ በታች ባለ ሞገድም ይሠራል። የኋላውን ጠርዝ ከሥር በኩል ስል አድርገህ ተወው፤ ወደ ፊት ስትመጣ ግን ጠርዙን ክብ አድርገው። ጠርዝ ሞገድን እንዴት እንደሚይዝ በደረትህ ትሰማዋለህ። ቢበላሽብህም የከሰርከው አንድ ጣውላ ነው።

ሞገድ ጠባቂ፦
ከዚያ ወደ ፊሹ ትሄዳለህ። ከእንጨት ከሆነ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት፣ አለዚያ አትሸከመውም። ታዲያ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳና መክደኛ እንዳትረሳ። ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው አየር ይነፋና መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። ውኃ ከመግባትህ በፊት ጥብቅ አድርገህ ዝጋው፣ ስትወጣ ክፈተው።