ጥቆማ፦ ለኮምቦልቻ ፀሐይ፣ ለባቲ ቆርቆሮ፣ ለደሴ ጭጋግ መስታወት ላይ ከሚለጠፈው ፊልም የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ወሎዬዎች። ዋናው መንገድ ዳር ቡና ቤት ከፍቻለሁ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፣ የሚያየውም ወደ ምዕራብ። ከ8 ሰዓት በኋላ መስታወቱ ሥር የሚቀመጥ ሰው የለም፣ ደንበኛው ሁሉ ጓዳው በር ላይ ይከማቻል። አንዱ መጥቶ «ጥቁር ፊልም ለጥፊበት» አለኝ። ሌላው ብርማውን፣ መስታወት የሚመስለውን ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ጥርት ያለ ነው፣ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚመልሰው» ብሎ ናሙና አሳየኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ግን ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ቤቱ እንዲጨልም አልፈልግም፣ መንገዱ መታየት አለበት። የሞከራችሁ ጀባ በሉኝ።

ጠጋኙ (ደሴ)፦

አብሽሪ እህቴ፣ ይሄን ጣጣ አይቼዋለሁ። ደሴ ላይ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ እጠግናለሁ፣ ታላቅ እህቴ ደግሞ እዚያው ኮምቦልቻ ፋርማሲ አላት፣ እንዳንቺው ምዕራብ የሚያይ መስታወት ያለው። መድኃኒቱ ካርቶን ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ 33 ያሳያል። ስለዚህ ሦስቱንም ዓይነት በገዛ እጄ ለጥፌያለሁ፣ አንዱን ልጬ ጥያለሁ። ረዘም ቢል ታገሱኝ።

የላጥኩት ጥቁሩን ነው። ርካሹ ጥቁር ፊልም ቀለም የነከሩት ፖሊስተር የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ፀሐይዋን አይመልሳትም፣ ይውጣታል። የዋጠው ሙቀት መስታወቱን ያግለውና ከፊሉ ዞሮ ወደ ቤት ይገባል። የሸጠልን ሰው (ስም አልጠራም) የአምስት ዓመት ዋስትና ብሎ ምሎልን ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ዞረ፣ ጠርዙ እንደ እንጀራ ዓይን አረፋ አወጣ። ይባስ ብሎ አንዱ መስታወት ከዳር ተነስቶ ተሰነጠቀ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ፦ መሃሉ ፀሐይ ላይ ግሎ ሲሰፋ፣ በረንዳው ጥላ ሥር ያለው ጠርዝ ቀዝቃዛ ስለነበር አብሮት አልሰፋም። ስንልጠው ደግሞ ሙጫው መስታወቱ ላይ ቀረ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በምላጭ ስንፍቅ ዋልን።

ብርማው ሌላ ነገር ነው። ፖሊስተር ላይ አሉሚኒየም በእንፋሎት መልክ ስስ አድርገው ይቀቡበታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ጠፈር የሰደዱት ኤኮ 1 የሚባለው 30 ሜትር የሚሆን ፊኛ ከዚሁ ዓይነት ላስቲክ ነበር የተሠራው፣ የሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ወደ ምድር እንዲያንጸባርቅ። መስታወት ላይም እውነተኛ ሥራ ይሠራል፣ ሙቀቱን ይመልሳል። ሦስት ነገር ግን ልብ በይ። ፀሐዩን የምትመልሺው ማዶ ያለው ጎረቤት ዓይን ውስጥ ነው። ብረት ስለሆነ ቤት ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊያደክም ይችላል። ማታ መብራት ስታበሪ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ከውጭ ያለው አንቺን ያያል፣ አንቺ የምታዪው የራስሽን ፊት ነው። ለቡና ቤት አልመክርም።

ሦስተኛው፣ ጥርት ያለው። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ፣ ምክንያቱም በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ዕቃ ይሸጣል። አንደኛው ሙቀት የሚውጥ የሴራሚክ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፣ መጥፎ አይደለም። ሌላው፣ ከሁሉም ውዱ፣ ውስጡ ብረትም ቀለምም የሌለው ድርብርብ ፊልም ነው። እኔ የማውቀው ከመስታወት ቤት ሳይሆን ከሥራዬ ነው። የተሰበረ የስልክ ወይም የላፕቶፕ ስክሪን ሳፈርስ ከጀርባው አንድ ብር የመሰለ ቅጠል አገኛለሁ፣ ከወረቀት የሳሳ፣ ፊትሽን ከቤትሽ መስታወት አጥርቶ የሚያሳይ። ማንም ቢያየው አሉሚኒየም ነው ይላል። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ስልኬን በሁለት እጥፍ ጠቅልዬበት ልጁን «ደውል» አልኩት፣ ጮኸ። ውስጡ አሉሚኒየም በተቀባ የቺፕስ ከረጢት ጠቅልለን ስንሞክር ግን «ማግኘት አልተቻለም» አለ። ያ የስክሪን ቅጠል ብረት የለበትም፣ ከዳር እስከ ዳር ላስቲክ ነው ማለት ነው።

ላስቲክ እንዴት መስታወት ይሆናል? ሁለት ዓይነት ጥርት ያለ ፕላስቲክ በየተራ ይደራረባል፣ ልክ መሶብ ውስጥ ነጭና ቀይ እንጀራ አፈራርቀሽ እንደምትደረድሪው፣ ልዩነቱ እዚህ ንብርብሩ በመቶዎች መቆጠሩ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ሚሊሜትር ለአሥር ሺህ ቢከፈል የሚደርሰውን ያህል ብቻ ይወፍራል። ብርሃን ከአንዱ ፕላስቲክ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩ ላይ ትንሽ፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ፣ ይመለሳል። ውፍረቱ ከብርሃኑ ሞገድ ሩብ ጋር እንዲገጥም ከተደረገ ግን ከየድንበሩ የሚመለሰው ሁሉ ተደጋግፎ አንድ ላይ ይወጣል፣ ከ98 በመቶ በላይ የሚመልስ መስታወት ይሆናል። ንብርብሩን ትንሽ ካወፈሩት ደግሞ የሚታየውን ብርሃን አሳልፎ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር ብቻ ይመልሳል። «ጥርት ያለ» ከሚባሉት ከሁለቱ ውዱ ይሄ ነው።

መነሻው ዳው ኬሚካል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ተርነር አልፍሬይና ዋልተር ሽሬንክ የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የቀለጡ ፕላስቲኮችን በአንድ መውጫ አደራርበው ማፍሰስን አሳዩ። ሠርግ ላይ ቀሚስ ላይ የሚብለጨለጨው፣ ስታዘነብዪው ከአረንጓዴ ወደ ወይን ጠጅ የሚለዋወጠው ብልጭልጭ የዚያ ሥራ ዘር ነው። ችግሩ ይኸው መለዋወጡ ነበር፦ ብርሃን ሲያዘነብል ቀለሙ ይሸሻል፣ የመመለስ አቅሙም ይደክማል። 3ኤም የሚባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ እነ ማይክል ዌበርና አንድሪው አውደርከርክ መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ፖሊስተር ሲወጠር ብርሃንን በርዝመቱ አንድ ዓይነት፣ በውፍረቱ ሌላ ዓይነት ያስተናግዳል። የሁለቱን ፕላስቲኮች ጠባይ በውፍረቱ በኩል ካመሳሰሉት፣ ብርሃን ምንም ያህል ቢያዘነብል መስታወቱ አይደክምም። ቀለሙ አሁንም ትንሽ ይንሸራተታል፣ እሱን ንብርብሩን በማብዛት ይሸፍኑታል። የከሰዓት ፀሐይ አግድም እየመጣች ለምታስቸግረን ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚያው ስክሪን ውስጥ፣ ሁሉም ላይ ባይሆንም፣ ሌላ ወንድሙ አለ። የሚበራ ስልክ ላይ አስቀምጠሽ ስታዞሪው መጀመሪያ ስክሪኑ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሩብ ዙር ስታዞሪ ጨልሞ ፊትሽን ያሳይሻል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተወጠረ ስለሆነ ነው። ስክሪኑ የማይጠቀምበትን ብርሃን መልሶ ወደ ኋላ እየላከ ባትሪ ያስቆጥባል። የሰፈር ልጆች ሱቄ ሲመጡ የሚጠይቁኝ እሱን ነው፣ የተበላሸ ስክሪን አልጥልም።

ወደ ቡና ቤትሽ ልመለስ። ሻጩ ቀይ አምፖል አብርቶ ፊልሙን ከእጅሽና ከአምፖሉ መሃል ያስገባል፣ «አየሽ? ሙቀቱ ጠፋ!» ይልሻል። አትደነቂ። የዚያ አምፖል ጉልበት አብዛኛው የማይታየው የሙቀት ጨረር ነው፣ የፀሐይ ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው በአብዛኛው በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው፣ እሱም ወለሉ ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ «97 በመቶ ኢንፍራሬድ (ያንን የማይታይ የሙቀት ጨረር) ይመልሳል» የሚለውን ተይውና ወረቀቱ ላይ ቲ-ኤስ-ኢ-አር (TSER) የሚለውን ቁጥር ፈልጊ፣ በጠቅላላው ወደ ቤት የማይገባው የፀሐይ ጉልበት ማለት ነው። ወረቀት የሌለው ፊልም አትግዢ። ከተለጠፈ በኋላ የሚታየውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያሳልፍም እዚያው ላይ አለ፣ መንገዱ እንዲታይሽ ከፈለግሽ እሱንም እዪ።

እህቴ ጋ በመጨረሻ ያደረግነው ይሄ ነው፦ ከውጭ በኩል አንድ ሜትር ተኩል የሚወጣ የሸራ ጥላ፣ ከጥላው በታች ፀሐይ የምታገኘው መስታወት ላይ ብቻ ድርብርቡ ፊልም። ብዙውን ሥራ የሠራው ሸራው ነው፣ አልዋሽሽም። ሙቀት መስታወቱን ሳይነካ ውጭ ሲቀር የሚያህለው የለም። ገንዘብ ካጠረሽ ከሸራው ጀምሪ።

አለጣጠፉን በተመለከተ፣ ደሴ ያሉት የባነርና የስቲከር ቤቶች እጃቸው ጥሩ ነው ግን ለማስታወቂያ ስቲከር የለመዱ ናቸው፣ ፊልሙን ደረቁን ሊለጥፉት ይሞክራሉ። ኮምቦልቻ የመኪና ጌጥ ቤቶች በሳሙና ውኃ አርጥበው በላስቲክ መግፊያ ውኃውን ማስወጣት ያውቁበታል፣ እነሱን እመርጣለሁ። ለመኪና ከሆነ ግን ቀድማችሁ ትራፊክ ፖሊስ ጠይቁ። ክረምት ላይ አታስለጥፊ፣ ውኃው ቶሎ አይደርቅም። ዋጋ አልጽፍም፣ እስክታነቡት ይቀየራል።

ነጋዴው (ባቲ)፦

ወንድሜ እኛ ችግራችን መስታወት አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው። ያን የስክሪን ቅጠል ከጣሪያ ሥር ብናደርገውስ? ሰኞ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ቤት ገብቶ ደግሞ ይጋገራል።

ጠጋኙ (ደሴ)፦

አይሆንም ጌታዬ፣ እዚያ ተራው አሉሚኒየም ይበልጠዋል። የጋለ ቆርቆሮ የሚረጨው ሙቀት ከፀሐይ ጨረር በጣም የረዘመ ሞገድ ነው፣ ድርብርቡ ላስቲክ ደግሞ እሱን አይመልስም፣ እንደማንኛውም ፕላስቲክ ይውጠዋል። አረፋ ያለውን የአሉሚኒየም ምንጣፍ ግዙ። ግን አናጺው ቆርቆሮው ላይ አጣብቆ እንዳይመታባችሁ፣ በሁለቱ መሃል ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያህል አየር ይተው። ከተነካካ ብረት ለብረት ሙቀቱን ይቀባበላሉ፣ የምንጣፉ ብርማ ፊትም ጥቅም አይሰጥም።

እናት (ደሴ፣ ገራዶ)፦

እኔ ደግሞ ለቤቴ ነው የምጠይቀው፣ መንገደኛው ሳሎኔን እያየ ያልፋል።

ጠጋኙ (ደሴ)፦

እትዬ፣ ደሴ ላይ በዚህ ብርድ ፀሐይዎን ለምን ይመልሷታል? የጦሳ ተራራ ጭጋግ ተገፎ የምትገባዋን ትንሽ ሙቀት ያጡታል። ብርማውም ማታ ያጋልጥዎታል። ስስ መጋረጃ ይበቃዎታል፣ ወይም ከመስታወቱ የታችኛው ግማሽ ላይ ነጭ ፊልም።

ባለ ባጃጅ (ደሴ)፦

ጭጋግ ካነሳችሁ፣ ባጃጄ ኋላ ላይ የለጠፍኩት የሚያብረቀርቅ ስቲከር ነበር፣ ማታ ግን አንድ አይሱዙ ሊወጣብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሹፌሩ «አላየሁህም» አለኝ።

ጠጋኙ (ደሴ)፦

አልሐምዱሊላህ ነው። ያ የሚያብረቀርቀው ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል። ለመንገድ የሚያስፈልግህ ብርሃኑን ወደ መጣበት የሚመልስ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የብርጭቆ ፍሬ ወይም እንደ ማር እንጀራ የተያያዘ ቅርጽ ታያለህ። ከመግዛትህ በፊት ፈትነው፦ አሥር እርምጃ ራቅ፣ የስልክህን መብራት ጆሮ ግንድህ ላይ ያዝ፣ ወደ ጎን ዘንበል ብለህ ተመልከት። እውነተኛው እንደ ድመት ዓይን ይነድዳል፣ የውሸቱ ዝም ይላል።

አስጎብኚ (ላሊበላ)፦

ከርዕሱ ልውጣና አንድ ነገር፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበቱ የፀሐይ ግርዶሽ እኛ ላይ ሲያልፍ የመኪና ፊልም ደርበው ሲያዩ የነበሩ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ፣ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ምንም ቢጠቁር የመስታወት ፊልም ለፀሐይ ማያ አይሆንም፣ የማይታየው ጨረር አልፎ ዓይን ያቃጥላል። ለዚሁ የተሠራውን መነጽር ከአሁኑ ፈልጉ።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦

እሰይ፣ እድሜ ይስጣችሁ። ሸራ ሠሪው ነገ ሊለካ ይመጣል። ያ ባለ አምፖሉም ዛሬ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ «ቲ-ኤስ-ኢ-አሩ ስንት ነው?» ስለው አምፖሉን ነቅሎ ወረቀት ላመጣ ብሎ ሄደ። ጠጋኙ፣ ስትወርድ ብቅ በል፣ ቡናው በኔ ነው። ያችን ስታዞራት የምትጨልመዋን ቅጠል ግን ይዘህልኝ ና።