ሄሮክሊክስ በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይጀመራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሄሮክሊክስ የሚባለውን፣ እንደ ስፓይደርማን ባሉ ጀግኖች ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ የሚካሄደውን ጨዋታ ካልተጫወትኩ ብሎ ሰቅዞ ይዞኛል። ባለፈው አንድ የታሸገ ፓኬት ገዛሁለት። አምስት ምስል ወጣ፤ እሱ የሚፈልገው ስፓይደርማን ግን የለም። ፊቱን ባያችሁት! ኪሴ ሳይራቆት ከየት ልጀምር?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ፓኬቱን ተወው። ውስጡ ሳይታይ ነው የሚሸጠው፣ ሎተሪ በለው። ጨዋታው ከ2002 ጀምሮ ስላለ አሮጌ ምስል ሞልቷል። የፈለገውን በነጠላ ግዛለት። ብርቅ ያልሆኑት ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ በታች ናቸው።

መልስ፦
እኔ ያገለገለ አንድ ካርቶን ሙሉ ገዝቼ ተሸውጃለሁ። ግማሾቹ አይዞሩም! ከእግሩ ሥር ያለችውን ክብ አዙረህ ሞክራት፤ ቀጭ ቀጭ ማለት አለባት። ምስሉ ሲመታ የምትዞረው እሷ ናት፣ አቅሙን የሚያሳዩት ቁጥሮችም እዚያው ናቸው። እሷ ከተጣበቀች ምስሉ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ስንት ምስል ይበቃል ታዲያ?

መልስ፦
የሚቆጠረው የምስሉ ብዛት ሳይሆን ነጥቡ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል የራሱ ነጥብ አለው። ብዙ ጊዜ ቡድን በ300 ነጥብ ይሠራል፤ አራት አምስት ምስል ይሞላዋል። ሁለት ዳይስ ከሞኖፖሊ ሳጥን ውሰድ። ሜዳውን እኔና ልጄ በካርቶን ላይ አስምረን ሠራነው፣ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ተኩል ኢንች። ቡና ፈሶበታል፣ ግን እስካሁን እንጫወትበታለን።