የጠባቂ ውሻ ቡችላዎችን ከአልፓካ ጋር ማላመድ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ሴት አልፓካዎች (ለጸጉራቸው የሚረቡ የግመል ዘመድ የሆኑ እንስሳት) አሉኝ፤ ሁለቱ እርጉዝ ናቸው። ቀበሮና ባለቤት የሌላቸው ውሾች እያስቸገሩ ስለሆነ የስምንት ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ሁለት የማሬማ (መንጋ ጠባቂ የውሻ ዝርያ) ቡችላዎች ላመጣ አስቤያለሁ። ግን አልፓካዎቹ ውሻ ባዩ ቁጥር ይጮኹና አንድ ጥግ ይታጨቃሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ቢያድሩ ይላመዳሉ? አጥሩስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦
እህቴ፣ አብረው አታሳድሪያቸው። አልፓካ ውሻን የምታውቀው በአዳኝነቱ ነው፤ ትንሽ ቡችላ ካገኘች በፊት እግሯ ረግጣ ልትገድለው ትችላለች።

ለቡችላዎቹ ከበረቱ ጎን በሽቦ መረብ የተለየ ቦታ አዘጋጂላቸው። ቢያንስ አንድ ወር እየተያዩና እየተሻተቱ ይቆዩ። ዋናው ግን የቀኑ ብዛት ሳይሆን የአልፓካዎቹ ሁኔታ ነው፦ ውሻው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ተኝተው ማመንዠካቸውን ካላቋረጡ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ ውሻውን በማሰሪያ ይዘሽ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አስገቢው። ዝም ብሎ ሲተኛ አሞግሺው፤ ሲያፈጥ ወይም ሲያደባ ወዲያው አውጪው።

አስቸጋሪው ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ይመጣል። ጉልበት ያገኘ ቡችላ ለጨዋታ ብሎ ማሳደድና ጸጉር መጎተት ይጀምራል፤ አንዴ ከጣመው ማስተው ከባድ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ18 እስከ 24 ወር እስኪሆን ድረስ ያለ ሰው ከመንጋው ጋር አይተው። እስከዚያ አልፓካዎቹን ማታ ማታ የምትጠብቂያቸው በተዘጋ በረት ነው፣ በቡችላ አይደለም።

በእኔ እምነት ሁለት ቡችላ በአንድ ጊዜ ማምጣት ጥሩ አይደለም። እርስ በርሳቸው ይጣበቁና መንጋውን ይረሱታል፤ ልፊያቸውም ወደ አልፓካዎቹ ይዞራል። በበግ ወይም በፍየል መንጋ የተፈተነ አንድ ጎልማሳ ውሻ አስቀድሚ፤ ቡችላው ከእሱ ይማራል።

ሌላ መልስ፦
አጥሩን በተመለከተ፦ ቁመቱ 1.5 ሜትር ይሁን። የመረቡ ቀዳዳ የአልፓካ ጭንቅላት የማያስገባ ጠባብ ይሁን፤ እሾሃማ ሽቦ ጸጉራቸውን ይይዛል፣ ያቆስላልም። ውሻ ከሥር ስለሚቆፍር 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መረብ ከአጥሩ ግርጌ አያይዘሽ መሬት ላይ አንጥፊና ድንጋይ ጫኚበት። የውሻውን ምግብ በሰዓቱ ሰጥተሽ ሳህኑን አንሺ፤ አልፓካዎቹ እንዳይቀምሱት።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንደኛዋ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ውሻው ያኔ የት ይሁን?

መልስ፦
ከአጥሩ ውጭ። አልፓካ እንደ በግ ልጇን አትልስም፤ በማሽተትና በማንጎራጎር ነው የምትለምደው። ውሻ መሐል ገብቶ ግልገሉን ከላሰ እናት ትረበሻለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ስለሆነ ያን ሰዓት በቅርብ ሁኚ፤ ማታ ማማጥ ከጀመረች የእንስሳት ሐኪም ጥሪ።

እንግዴ ልጁ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልወረደም እንዲሁ። ሲወርድ ቶሎ አንሥተሽ በጥልቀት ቅበሪው፤ ውሻው እንዳይበላው። ኒዮስፖራ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ በእንግዴ ልጅና በጥሬ ሥጋ ወደ ውሻ ይገባል፤ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ግጦሹን ሲበክል ደግሞ እርጉዟ ልትጨነግፍ ትችላለች። ለዚህ ነው ለጠባቂ ውሻ ጥሬ ሥጋ የማይሰጠው፣ ድርቆሽ ላይም እንዲተኛ የማይፈቀድለት።

ግልገሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሞልቶት እናቱን እየተከተለ መሮጥ ሲችል፣ ማላመዱን ከአጥር ማዶ እንደገና ጀምሪ።