ለገጠሩ ትምህርት ቤት ማን ያዋጣ?

የውይይቱ መሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው መነሻችን የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዋጮ ነው። ወላጅ ለክፍል ጥገና፣ ለዴስክ፣ ለጥበቃ ደመወዝ እያለ ያዋጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄ ህዝቡን ለትምህርት ቤት ግንባታ እያስተባበረ ነው። መዋጮው ይቀጥል ወይስ ይቅር?

የገጠር መምህር፦
ይቀጥል። የማስተምረው ጎጃም ውስጥ፣ ክረምት ላይ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ነው። የወረዳው በጀት ደመወዝ ከከፈለ በኋላ ብዙም አይተርፈውም። አምና ዝናቡ የአንድ ክፍል ግድግዳ ናደብን። ለወረዳ ጻፍን፤ ጠብቁ ተባልን። ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጠራ። አንዱ ቋሚ፣ ሌላው ማገር ተሸክሞ መጣ። ሴቶቹ ከወንዝ ውሃ አመላለሱ። ጎረምሶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው እንዲቦካ ተዉት፤ ሲደርስ ተመልሰው መረጉት። ብዙዎቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ፊደል የቆጠሩ ናቸው።

ሰው የደከመበትን ይጠብቃል። ከብት ግቢ ገብቶ ችግኝ ቢበላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ባለቤቱን ያስክሱታል። በአጨዳ ወቅት ልጁን ያስቀረ አባት እድር ላይ ይጠየቃል። ይህን ማንም በደብዳቤ ሊያዝ አይችልም።

ገጠር ተምራ ከተማ የምትኖር፦
መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ግን ይቅር ባይ ነኝ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ስሙ ሰልፍ ላይ ይጠራ ነበር። እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። የምትጠየቀው ገንዘብ ጥማድ በሬ ካለው ጎረቤታችን ጋር እኩል ነው። ዶሮዋን ለገበያ አውጥታ እስክትሸጥ ድረስ እኔ ቤት ዋልኩ። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነጻ ነው ብሎ ነበር። ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግስት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል። አዲስ አበባን እዩ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግስት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በከተማው በጀት ይመገባሉ፤ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣቸዋል። ይሁን፣ ደስ ይላል። የገጠሩ ልጅ ግን ቆሎ ቋጥሮ እየሄደ፣ አባቱ ለጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል። ከሁለቱ ድሃው ማን ነው?

ከሳውዲ የሚሳተፍ፦
እኛ እዚህ ያለን የአንድ አካባቢ ልጆች ለተማርንበት ትምህርት ቤት ዴስክ ብለን አዋጥተናል። ማንም አላስገደደንም። መጀመሪያ የጠየቅነው ግን ደረሰኝ ነው። የገባና የወጣው ብር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ይለጠፍ። አንድ ዓመት ሂሳቡ ከተድበሰበሰ በቀጣዩ ማንም እጁን አይዘረጋም።

የገጠር መምህር፦
እህቴ፣ ልጅ በመዋጮ ምክንያት ከክፍል መውጣቱን እኔም እቃወማለሁ። ነውር ነው። ሰልፍ ላይ ስም መጥራቱማ የባሰ ነው። እኛ ጋ አቅም የሌለው ሰው በጉልበት ያግዛል፣ አረጋዊውን ማንም አይጠይቀውም። ይህን የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ የማን ጎተራ እንደጎደለ ያውቃሉ። ግን መዋጮው በሙሉ ይቅር ካልሽ፣ ያ ግድግዳ እስካሁን እንደፈረሰ ነበር። ልጆቹስ ዛፍ ስር ይቀመጡ?

ገጠር ተምራ ከተማ የምትኖር፦
አይቀመጡ። በግድግዳው ተስማማን መምህር። ወዶ የሚመጣ ጉልበት፣ እንጨት፣ ጭድ ይቀጥል፤ እሱ ወጉም ነው፣ ሰዉንም ያቀራርባል። እኔ ይቅር የምለው ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ የሚጠየቀውን ጥሬ ብር ነው። የጥበቃ ደመወዝ በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ወጪ ነው። የርዕሰ መምህሩ ደመወዝ እንደሚያዝ ሁሉ፣ እሱም በወረዳው በጀት ይያዝ። ህዝቡ ሲሸፍነው ወረዳው የጎደለው ነገር ያለ አይመስለውም፣ በየዓመቱም ሳይመድብ ያልፋል። እርስዎ ህብረቱ ውስጥ ስላሉ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ የዘንድሮው የወረዳ በጀት ከመጽደቁ በፊት ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ሂዱና ይህን ጠይቁ።