ልጄ ሯጭ ናት፤ ለኮሌጅ ስኮላርሺፕ ምን ማሟላት አለባት?

የሯጯ እናት (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ጨርሳ ነው የመጣችው። እዚህ እንግሊዝኛዋን አይተው እንደገና 9ኛ አስገቧት። አሁን 10ኛ ናት፤ 3200 ሜትር ትሮጣለች። አሰልጣኟ «ዲቪዥን 1 ትደርሻለሽ» ይላታል። እኔ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ትምህርቱ ብዙም አላውቅም። ሰዓቷ ጥሩ ከሆነ ሌላ ምን ይጠየቃል?

የድሮ ሯጭ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግን ትራንስክሪፕቷን (የትምህርት ውጤት ማስረጃዋን) ከአሁኑ ያዢ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት ኤንሲኤኤ ይባላል፤ ዲቪዥን 1 ከፍተኛው ደረጃው ነው። ለሱ «ኮር» (ዋና ትምህርት) የሚባሉ 16 ኮርሶች ያስፈልጋሉ። ከነሱ 4ቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ 3ቱ ደግሞ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ ያለ ሒሳብ። የእነዚህ ብቻ አማካይ ከ4.0 2.3 መድረስ አለበት። ጂም ላይ ኤ ብታመጣ አይቆጠርላትም። ኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው) ከ2023 ወዲህ ለዚህ አይጠየቅም፤ ኮሌጁ ግን በራሱ ሊጠይቅ ይችላል። ከ16ቱ 10ሩ ደግሞ 12ኛ ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፤ 7ቱ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ። የነዚህን ውጤት በኋላ ኮርሱን እንደገና ወስዶ ማሻሻል የለም። እኔ «12ኛ ላይ አስተካክለዋለሁ» ብዬ የተውኩት ጂኦሜትሪ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሁለት ልጆች አባት (ቨርጂኒያ)፦
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ዘለለ። ዲቪዥን 1 የሚቆጥረው ልጅቷ መጀመሪያ 9ኛ ከገባችበት ቀን አንስቶ 8 ሴሚስተር (4 ዓመት) ነው። አዲስ አበባ የተማረችው ዓመትም ይገባል! ስለዚህ ለሌላው ልጅ 12ኛ የሆነው ለሷ 11ኛ ሊሆን ይችላል። ካውንስለሯን (የትምህርት ቤቷን አማካሪ) ዛሬ ነገ ሳትይ አናግሪ። የአዲስ አበባውን ትራንስክሪፕትም አስመጪ፤ ከዚያ የሚቆጠርላት ትምህርት ሊኖር ይችላል። ዲቪዥን 2 ግን ይህ የጊዜ ገደብ የለበትም፤ ኮሌጅ እስክትገባ የወሰደችውን ይቆጥራል፤ አማካዩም 2.2 ነው።

የሯጯ እናት፦
ውይ! ማንም አልነገረኝም እኮ። ኢኤስኤል (ለውጭ ልጆች የሚሰጠው እንግሊዝኛ) የምትማረውስ ይቆጠራል?

የኮሌጅ ተማሪ፦
እናቴ፣ ሁሉም ኢኤስኤል አይቆጠርም። ትምህርት ቤቱ በኤንሲኤኤ የጸደቀለት የኮርስ ዝርዝር አለው። ኮርሷ እዚያ ውስጥ መኖሩን ካውንስለሯ ያሳይዎት። አሰልጣኞች ደግሞ 10ኛን እንደጨረሰች ከጁን 15 ጀምሮ ሊደውሉላት ይችላሉ፤ እስከዚያ ሰዓቶቿንና የሩጫ ቪዲዮዋን አዘጋጁ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ዲቪዥን 3ና አይቪ ሊግ (እነ ሃርቫርድ) በስፖርት ጭራሽ አይሰጡም፤ በቤተሰብ ገቢ ግን ይረዳሉ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳም (የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ሙሉ። አዎ፣ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎዳና ሩጫ ላይ የገንዘብ ሽልማት ብታሸንፍ፣ ኤንሲኤኤ ይፈቅድ እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትቀበል።

የሯጯ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ትራንስክሪፕቱን ወንድሜ ሰኞ ትምህርት ቤቷ ሄዶ ያወጣልኛል። ካውንስለሯ ጋ ሐሙስ ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ እሄዳለሁ።