ቤት ሆኜ ስሰራ ቤተሰቡ ስራ ፈት አርጎኛል፣ እናንተ እንዴት ነው የምትችሉት?

የግንፍሌዋ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ከቤት የምትሰሩ ሰዎች አንድ ነገር በሉኝ። ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው፣ አሜሪካ ላለ ድርጅት የደንበኞች ቻትና ኢሜይል ነው የምመልሰው፣ ሽፍቴ አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ነው። ሲጀመር የታክሲ ሰልፍ ተገላገልኩ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር፣ አሁን ግን እውነቱን ለመናገር ያ ሰልፍ ራሱ ሳይናፍቀኝ አልቀረም።

የምንኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እኔ እናቴና ታናሽ ወንድሜ፣ ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ቢሮዬ ማለት የሶፋው ጫፍ ናት። ችግሩ ለእናቴ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠ ሰው ፊልም የሚያይ ሰው ነው። "አንቺ እቤት አይደለሽ?" የምትባል ነገር አለቻት። ሽንኩርት ሲያልቅ እኔ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲያንኳኳ እኔ፣ ውሃ መጣች በርሜሉን ሙዪው ሲባል እኔ፣ ለቅሶ ቤት ማን ይድረስ ሲባልም እኔ። ወንድሜ እዛው ቁጭ ብሎ ኳስ እያየ እሱ አይጠራም፣ እሱ "ተማሪ ነው"። ባለፈው ሚቲንግ ላይ አለቃዬ እያወራ "እንግዳ መጥቷል ተነሺና ቡናውን ቁዪ እንጂ!" ተባልኩ፣ ማይኬ ክፍት ነበር፣ አማርኛ የማይችሉት እንኳን ሳይገባቸው አልቀረም።

ሰውነቴም ሄዷል። ጠዋት ስነሳ ወገቤን ይዤ ነው የምራመደው፣ ማታ ማታ አይኔ ይቆጠቁጠኛል፣ 6 ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ከዛ ውስጥ ሁለቱን በፍልሰታ ነው የጨመርኩት ብላችሁ ታምናላችሁ? ኩሽናው ከሶፋው አራት እርምጃ ነው፣ ዳቦ ቆሎ ከጎኔ ካለ ደግሞ ሳላስበው ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ሌሊት 6 ሰዓት ጨርሼ እስከ 9 እንቅልፍ የለም፣ ረፋዱ 5 ላይ እነሳለሁ፣ አንዳንዴ ሶስት ቀን ሙሉ ከብሎኩ ሳልወርድ ያልፋል። መብራት ሲሄድ ያለውንማ አታንሱብኝ።

ወንበር ልግዛ? ቦታ ልከራይ? እናቴንስ እንዴት ነው የማስረዳት? ስድብ አልፈልግም በናታችሁ።

ባለ ዲቫይደሩ፦

መብራቱን ለኔ ተይው። ፋይበር ካስገባችሁ፣ መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱ አብሮ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ መስመሩ ሞቶ ሳይሆን እቤት ያሉት ሳጥኖች ስለሚጠፉ ነው። የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቢ፣ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ለነሱ የሚሆን መጽሐፍ የምታክል ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪዋ የምትይዝ፣ አለች። የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ከሆነ ሁለቱንም መያዝ አለባት፣ አለበለዚያ ራውተሩ ቦግ ብሎ በርቶ ኢንተርኔት የለም። ቮልቱ ካልተመሳሰለ ግን እንዳትሰኪ፣ እኔ 9 ቮልቱን 12 ላይ ሰክቼ አንዱን አቃጥዬ ነው የተማርኩት። ላፕቶፑ ሽፍት ሳትገቢ በፊት ሙሉ ይሁን። ከዛ የዋይፋይሽ መስመር ከቴሌ ከሆነ የስልክ ዳታሽን ከሳፋሪኮም አርጊው ወይ በተቃራኒው፣ ሁለቱ ባንድ ላይ የሚጠፉበት ቀን ብዙ አይደለም። ስልክ ሆትስፖት ሲሆን ባትሪ ይበላል፣ ፓወር ባንክ አትርሺ።

ወገቡንና እናትሽን አላውቅም።

የፒያሳ ልጅ፦

እናትሽን ሱፐርቫይዘር አርገሽ ቅጠሪያት በቃ ሃሃሃ

ቲማቲሙ፦

ፖሞዶሮ ሞክረሻል? 25 ደቂቃ ስራ 5 ደቂቃ እረፍት። ፍራንቼስኮ ሲሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ እያለ በ1980ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ የጀመረው ነው፣ ፖሞዶሮ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው፣ ስሙም የመጣው የቲማቲም ቅርጽ ካላት የኩሽና ሰዓቱ ነው። እኔን ሕይወቴን ነው የቀየረው።

የግንፍሌዋ፦

@ቲማቲሙ አመሰግናለሁ፣ ግን የኔ ስራ ቻት ነው፣ ደንበኛው "እቃዬ አልደረሰም" ብሎ እየጮኸ 25 ደቂቃዬ ሞላ ብዬ ልነሳ አልችልም። ለሚጽፍና ለሚያጠና ሰው ይሆናል መሰለኝ።

ፊዚዮዋ፦

ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ "የሶፋው ጫፍ" ስትዪ ነው እኔ የደነገጥኩት። እዚህ ሀገር ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ ዲስክ ነው ይባላል፣ ጎረቤቱም ዲስክ ነው ይለዋል፣ ከዛ አልጋ ላይ ይተኛና ይብስበታል። አብዛኛው የወገብ ህመም በሳምንታት ውስጥ የሚሻለው ነው፣ የሚሻለውም በመንቀሳቀስ እንጂ በመተኛት አይደለም። ግን ወደ እግርሽ የሚወርድ መደንዘዝ ካለ ወይ እግርሽ ከከዳሽ እዚህ አትጠይቂ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረሽማ ዛሬውኑ።

ወንበር ከመግዛትሽ በፊት ከሶፋው ውረጂ። የምግብ ጠረጴዛው ይሻላል። እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ ካልደረሰ ከስር በርጩማ አርጊ፣ ክርንሽ ከጎንሽ ሳይርቅ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከአይንሽ ትይዩ ይሁን። ላፕቶፕ ላይ ይሄ ሁሉ አንዴ አይሆንም፣ ኪቦርዱና ስክሪኑ አንድ ላይ ስለተጣበቁ አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል፣ ስለዚህ ላፕቶፑን ከፍ አርጊና ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ግዢ፣ ከወንበር በጣም ይረክሳል። ከፍ ማድረጊያ ብለሽ ግን ገንዘብ እንዳታወጪ፣ አንዷ ታካሚዬ የወላጆቿን የሰርግ አልበም ነው ከስር የምታደርገው፣ ሁለት አልበም ልክ ይመጣል። ከወገብሽ ጀርባ ፎጣ ወይ ነጠላ ጠቅልለሽ አስገቢ።

ይሄን ሁሉ አስተካክለሽም 3 ሰዓት ሳትነሺ ከተቀመጥሽ ያው ነው። ግማሽ ሰዓት በሞላ ቁጥር ቆም በዪ፣ ቻቱን ቆመሽም መመለስ ይቻላል። እንደውም አትቆጪኝና እናትሽ ለሽንኩርት ስታስነሳሽ ወገብሽን እየጠበቀችልሽ ነው። ለአይንሽ ደግሞ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ከ6 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ነገር እዪ፣ ቤታችሁ 6 ሜትር ስለማይኖረው በመስኮት ማዶውን እዪ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ማርገብገብ ስለምንረሳ ነው አይን የሚደርቀው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ ይሄ ማለት በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ላንቺ ደግሞ ጂም አያስፈልግም፣ ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ ያለውን አቀበት ወጥተሽ እስከ ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ደርሰሽ መመለስ ከበቂ በላይ ነው። ዝናብ ከሆነ የብሎካችሁ ደረጃ አለ።

የአብርሆት ደንበኛ፦

እኔ በበኩሌ ቤት ውስጥ መስራት የሚባለው ነገር እዚህ ከተማ አይሰራም ነው የምለው፣ በተለይ ቤተሰብ ላለው ሰው። ብዙ ታግዬ ትቼዋለሁ። ትርጉም ነው የምሰራው፣ ድሮ ካዛንቺስ ነበር ቢሮአችን፣ ሰፈሩ 2017 ላይ ሲፈርስ ነው ሁላችንም ቤት የገባነው። አሁን ጠዋት ተነስቼ ልብሴን በደንብ ለብሼ አብርሆት ቤተመጻሕፍት እሄዳለሁ፣ 2014 ላይ የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው፣ ካንቺ ሰፈር በእግር ነው፣ አይከፈልበትም። ቦታው ራሱ ያስቀምጥሻል፣ ዙሪያሽ ያለው ሁሉ አቀርቅሮ ሲያነብ አንቺ ቲክቶክ መክፈት ታፍሪያለሽ። ሚቲንግ ብቻ አይሆንም፣ ዝም ያለ ቦታ ነው። እናትን ከማስረዳት ከቤት መውጣት ይቀላል።

የግንፍሌዋ፦

@የአብርሆት ደንበኛ ሃሳቡ ደስ ይላል፣ ግን የኔ ስራ ሌሊት 6 ሰዓት ነው የሚያልቀው፣ በዛ ሰዓት ሴት ልጅ ላፕቶፕ ይዛ ከየት ነው የምትመለሰው? ደግሞ ውሌ ላይ የደንበኛ መረጃ ሰው በሚያይበት ቦታ አትክፈቺ ይላል።

የአብርሆት ደንበኛ፦

ልክ ነሽ፣ ሌሊቱን አላሰብኩትም። በቃ ጠዋት ለመጽሐፍም ቢሆን ነይ።

የሁለት ልጆች እናት፦

እህቴ እኔ በሁለቱም በኩል ነኝ፣ ከቤት የምሰራ የሂሳብ ሰራተኛም ነኝ እናትም ነኝ፣ ስለዚህ እናትሽን ትንሽ ልከላከልላት። እስቲ አስቢው፣ ሴትየዋ የምታየው ምንድነው? ልጇ ረፋዱ 5 ላይ በፒጃማ ትነሳለች፣ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፣ ስልክ ትነካካለች፣ ዳቦ ቆሎ ትበላለች፣ ከሰዓት እዛው ሶፋ ላይ በዛው ፒጃማ ላፕቶፕ ትከፍታለች። ስራው መቼ እንደጀመረ በምን ትወቀው? ቢሮ ስትሄጂ ጫማሽን አይታ ነበር የምታውቀው። አንቺ ራስሽ ያልለየሽውን ሰዓት እሷ እንድትለየው ነው የምትጠብቂው።

እኔ ያደረኩትን ልንገርሽ። ባለቤቴም የቤት ሰራተኛዋም ልጆቹም በየአስር ደቂቃው ይጠሩኝ ነበር፣ አንድ ቀን ጮኼ አለቀስኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ከዛ ጫማ ማድረግ ጀመርኩ። እቤት ውስጥ፣ የውጪ ጫማ። ይስቁብኝ ነበር፣ ግን ትንሹ ልጄ በሁለት ሳምንት ውስጥ "እማዬ ጫማ አርጋለች አትጥሯት" ማለት ጀመረ። ሰዓቱ ሲያልቅ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ላፕቶፑን ቁምሳጥን ውስጥ እከታለሁ፣ ከዛ በኋላ አለቃዬ ማታ 3 ሰዓት "አንዴ ብቻ" ብሎ ሲደውል አላነሳም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን 8 በሳምንት 48 ነው የሚለው፣ ቤት ስለሆንሽ 12 ነው አይልም።

ያንቺ ደግሞ ከኔ ይቀላል፣ ምክንያቱም ጠዋትሽ ነፃ ነው! ተኝተሽ ስለምታሳልፊው ነው እንጂ። ለእናትሽ እንዲህ በያት፣ ከ3 ሰዓት እስከ 8 ያንቺ ነኝ፣ ሽንኩርቱንም በርሜሉንም ለቅሶውንም በዛ ሰዓት ላኪኝ፣ ከ10 በኋላ ግን የለሁም፣ ቢሮ ነኝ። ቡናውን 8 ሰዓት ላይ ራስሽ አፍዪ፣ ጎረቤቶቹን ራስሽ ጥሪ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥተሽ ተነሺ። ለእንቅልፍሽም እሱ ነው የሚበጀው፣ ካፌይን ከጠጣሽው 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ እንኳን ግማሹ ሰውነት ውስጥ ነው፣ አንቺ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቡና ጠጥተሽ ሌሊት እንቅልፍ የለም ብትዪ ማንን ትከሺያለሽ? ዳቦ ቆሎውን ደግሞ እናትሽ ትቆልፍበት፣ እራት ሳህን ላይ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ብዪ፣ ከላፕቶፑ ፊት አይደለም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ደሞዝሽን ታውቃለች? ሁሉንም ሳይሆን እቤት የምትሰጪውን፣ "ይሄ ከዛች ላፕቶፕ ነው" ብለሽ በእጇ ስጫት። በባንክ ስታስገቢላት እኮ ከመንግስተ ሰማያት የመጣ ነው የሚመስላት።

የፒያሳ ልጅ፦

ጫማው ገደለኝ። ግን ነገ እሞክረዋለሁ።

የግንፍሌዋ፦

ቤተሰብ፣ ሶስት ሳምንት ሆኖኛል ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጫማውን አፍሬ ነበር፣ በመጨረሻ ግን የድሮ ቢሮዬን ባጅ አንገቴ ላይ ማድረግ ጀመርኩ፣ ስሙም ፎቶውም ጊዜው አልፎበታል፣ ግን ይሰራል። ብሩን በእጇ ሰጠኋት፣ ቆጥራ ቆጥራ "ይሄ ሁሉ ቁጭ ብሎ?" አለች። አሁን ችግሩ ተገልብጧል፣ 10 ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ ወንድሜ ኳሱን ጎረቤት ሄዶ ነው የሚያየው፣ ቆጣሪ አንባቢውን በር ላይ "ዝም በል ልጄ ቢሮ ናት" ብላ ስታንሾካሹክበት ሰውየው ግራ ገባው። በርሜሉ የወንድሜ ሆኗል፣ እኔን አኩርፎኛል።

ጠዋት እየወጣሁ ነው፣ ሁሌ አይደለም፣ በሳምንት ሶስት ቀን እስከ ስድስት ኪሎ፣ አቀበቱ መጀመሪያ ቀን ሊገድለኝ ነበር። እንቅልፌ ወደ 7 ተኩል መጥቷል። ወገቤ ትንሽ ቀለል ብሎታል ግን አልተወኝም። ኪሎው እዛው ነው። አልበሙን እናቴ ከለከለች፣ የወንድሜን የድሮ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው ያደረኩት።

አሁን የቀረኝ ጥቅምት መጨረሻ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ሽፍቴ ከ11 እስከ ሌሊቱ 7 ይሆናል፣ ያንን ለእናቴ ማስረዳት ነው። ጀምሬላት ነበር፣ "ሰዓት ከሚቀይር ሰው ጋር ደግሞ ምን ስራ አለሽ?" ነው ያለችኝ።

ባለ ዲቫይደሩ፦

ዩፒኤሷን ገዛሽ ወይስ?

የግንፍሌዋ፦

ገዛሁ፣ 12 ቮልት፣ ሁለት ቀን ነው የፈተንኳት፣ ሁለቱንም ሳጥን ይዛለች። ተባረክ።