ዋካንዳን ማለም ይጠቅመናል ወይስ ያዘናጋናል?

ጠያቂ፦ ዋካንዳ «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም ያለች፣ በቴክኖሎጂ የመጠቀች ምናባዊ የአፍሪካ አገር ናት። ዘፋኙ አኮን ሴኔጋል ውስጥ፣ ከዳካር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ምቦዲየን፣ «እውነተኛ ዋካንዳ» የሚሆን ከተማ በ6 ቢሊዮን ዶላር እገነባለሁ ብሎ በ2020 የመሠረት ድንጋይ አኖረ። በ2025 መንግሥት «ፕሮጀክቱ ቀርቷል» አለ። ታዲያ አፍሮፊውቸሪዝም የሚሉት፣ የአፍሪካን ነገ በምናብ መሳል፣ ምን ይጠቅመናል?

የጉለሌው፦ ምንም። የማማዎቹን ሥዕል አይታችኋል? እንደ ማዕበል የተጠማዘዙ። መገበያያው ደግሞ አኮይን የሚባል የራሱ ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ። እንዴ፣ መጀመሪያ መብራት ይግባ እንጂ!

አርክቴክቷ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱን በምናብ ላይ አትለጥፍ። ከተማው የቀረው ገንዘቡ ስላልመጣ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መሬታቸው የተያዘባቸው የመንደሩ ሰዎች «ካሳችንስ?» እያሉ ቀሩ። ሥዕሉ ላይ እነሱ የሉም፤ ማሳቸውም የለም።

ድልድይ፦ «አፍሮፊውቸሪዝም» የሚለው ቃልም እኮ እዚህ አልተወለደም። በ1993 ማርክ ዴሪ የተባለ አሜሪካዊ ሃያሲ ነው ያወጣው፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ጥበብ ሲጽፍ። የአያቶቹን ስምና ቋንቋ ባርነት የነጠቀው ሰው ነገን አጥብቆ ቢያልም ይገባኛል። የእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ናይጄሪያዊ አሜሪካዊቷ ደራሲ ንኔዲ ኦኮራፎርም በ2019 «አፍሪካንፊውቸሪዝም» የሚለውን ለይታ የተነተነችው ለዚህ ይመስለኛል። መነሻው አሜሪካ ሳይሆን አህጉሩ ራሱ ነው።

የጉለሌው፦ ስም ስለተቀየረ እንጀራ አይሆንም።

አርክቴክቷ፦ አንተ ከተማ ያለው የአፍሪካ ኅብረትስ? አጀንዳ 2063 ብሎ የ50 ዓመት ሕልም ጽፏል። ፈጣን ባቡር አለበት፣ ሕዋ አለበት። ባለሥልጣን ሲያልም ዕቅድ፣ ደራሲ ሲያልም ቅዠት ነው?

የጉለሌው፦ ሃሃ፣ ይቺን ወስጃለሁ። ግን አጀንዳውን ያነበበ ጎረቤት አለሽ?

አርክቴክቷ፦ የለኝም። እኔም ያነበብኩት ለሥራ ተገድጄ ነው።

ድልድይ፦ በቃ፣ ችግሩ እሱ ነዋ! ዕቅዱ ሪፖርት ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ልብ ወለድ ቢሆን ቢያንስ ልጆች ይከራከሩበት ነበር። አኮንም ቢሆን ብዕሩን ለመንደሩ ሴቶች ቢሰጥ ኖሮ ሌላ ከተማ ይወጣ ነበር። ምናልባት ወፍጮና የውሃ ቦኖ መሃል ላይ ያለበት።

የጉለሌው፦ እሱን ከሣሉ እኔም አጨበጭባለሁ። የተጠማዘዘ ማማ ከመጣ ግን ወጥቻለሁ።